ሲ ድራይቭ ሲሞላ፦ ከኤስኤስዲ ላይ ቦታ የማስለቀቂያ መመሪያ

«ዚስ ፒሲ»ን ስትከፍቱ የሲ ድራይቭ መስመር ቀይ ሆኖ ካገኛችሁት፣ የቀረው ባዶ ቦታ ከ10 በመቶ በታች ወርዷል ማለት ነው። ዊንዶውስ ቀለሙን የሚቀይረው እዚያ ሲደርስ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ላፕቶፑን ኮምፒውተር ቤት ወስዶ ፎርማት ያስደርጋል። ወይ ደግሞ ሲ ድራይቭ ውስጥ ገብቶ ስሙን የማያውቀውን ፎልደር ሁሉ መሰረዝ ይጀምራል። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ይወስዳል።

መመሪያው ባለ 128 ወይም ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለበት፣ በፍላሽ ሚሞሪ የሚሠራ ዲስክ) ላላቸው ላፕቶፖች ነው። ዊንዶውስ 11ን ይዤ ነው የምጽፈው፤ በ10 ላይም ከጥቂት የስም ልዩነት በቀር አካሄዱ ያው ነው። ምንም ከማይጎዳው ተነስተን ጥንቃቄ ወደሚፈልገው እንሄዳለን። መሃል ላይ የሚበቃችሁን ካገኛችሁ እዚያው አቁሙ። ሲስተም ፋይል መነካካት የመጨረሻው ሥራ ነው።

አንድ ጥርጣሬ አስቀድመን እናጥራ። 128 ተብሎ የተገዛው ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 119 ሆኖ ቢታያችሁ ሻጩ አላታለላችሁም። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን 1 ቢሊዮን ባይት አድርጎ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት አድርጎ። በዚሁ ስሌት 256ቱ 238 ይሆናል። ሪከቨሪ ፓርቲሽን የሚባለው፣ ዊንዶውስ ሲበላሽ ለመጠገኛ የተለየው የዲስኩ ክፍልም ከዚያ ላይ ጥቂት ይወስዳል።

ስንት ባዶ ቦታ ይበቃል?

ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ እንዲሆን እመክራለሁ። በ128ቱ ላይ 20 ጊጋ ገደማ ነው። «ቦታው የተገዛው ሊሞላ አይደል እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ኤስኤስዲ ከድሮው ሃርድ ዲስክ በተለየ መንገድ ስለሚሠራ ነው።

ሃርድ ዲስክ በአሮጌው መረጃ ላይ አዲሱን ደርቦ መጻፍ ይችላል። ኤስኤስዲ አይችልም። ውስጡ ያለው ፍላሽ ሚሞሪ የሚጽፈው ፔጅ በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ነው። የሚያጠፋው ግን ብሎክ በሚባል፣ ብዙ ፔጆችን አንድ ላይ በያዘ ትልቅ ክፍል ነው። አንድ ፔጅ ላይ እንደገና ለመጻፍ ብሎኩ በሙሉ መጥፋት አለበት። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ቺፕ አሁንም የሚፈለጉትን ፔጆች ወደ ሌላ ባዶ ብሎክ ይገለብጣል፤ ከዚያ አሮጌውን ያጠፋል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ዕቃ ለማዟዟር ግማሹን መጀመሪያ በረንዳ ላይ ማውጣት ግድ ነው። ባዶው ቦታ ለኤስኤስዲው በረንዳው ነው። በረንዳው ከሞላ አንዲት ትንሽ ፋይል ለመጻፍ ብዙ መገልበጥ ይመጣል። ዲስኩ ይንቀራፈፋል፣ ያለ ጥቅም የሚጻፍበትም ይበዛል።

ሌላም ምክንያት አለ። ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ ኤስኤስዲዎች ከባዶው ቦታ ከፊሉን ለጊዜው እንደ ፈጣን መቀበያ ይጠቀሙበታል። ፋይሉ መጀመሪያ እዚያ በፍጥነት ያርፋል፣ በኋላ በዝግታ ወደ ቦታው ይሄዳል። ዲስኩ በሞላ ቁጥር ብዙዎቹ ላይ መቀበያው እየጠበበ ይመጣል። ትልቅ ፊልም ስትገለብጡ መጀመሪያ ፈጥኖ መሃል ላይ ድንገት የሚወርደው መቀበያው ስለሞላ ሊሆን ይችላል።

መሰረዝ ከመጀመራችሁ በፊት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ሃርድ ዲስክ ላይ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ በሪከቨሪ ፕሮግራም ይመለሳል። ኤስኤስዲ ላይ ግን ያንን ተስፋ አታድርጉ። ሪሳይክል ቢንን ባዶ ስታደርጉ ዊንዶውስ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ለዲስኩ ይልካል። «እነዚህ ቦታዎች ከእንግዲህ አያስፈልጉም» ማለት ነው። ዲስኩ በራሱ ጊዜ ያጸዳቸዋል። ከዚያ በኋላ የፋይሉ ስም ቢገኝ እንኳ ውስጡ ባዶ ነው። የሠርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሥራ ሰነድ ካለ መጀመሪያ ወደ ኤክስተርናል ወይም ወደ ፍላሽ ይገልበጥ። ተገልብጦ መከፈቱንም አይታችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ማን እንደያዘው እዩ

በግምት አትሰርዙ። «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ» ግቡ። ዊንዶውስ ቆጥሮ በየዓይነቱ ያሳያችኋል። «ሾው ሞር ካቴጎሪስ» የሚለውን ስትጫኑ ዝርዝሩ ይሰፋል።

ይህ አጠቃላይ ሥዕሉን ይሰጣል እንጂ የትኛው ፎልደር እንደሆነ ጥርት አድርጎ አይነግርም። ለዚያ ዊዝትሪ የሚባለው ፕሮግራም ይሻላል። ለግል አገልግሎት ነፃ ነው። ዊንዲርስታትም ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። የተደበቁትም ፎልደሮች እንዲታዩ ፕሮግራሙን በቀኝ ክሊክ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላችሁ ክፈቱት። ከላይ ያሉትን ትልልቆቹን ጻፉና ዝጉት። ከዚያው ከፕሮግራሙ ውስጥ መሰረዝ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ሲስተሙም የናንተም ፋይል በአንድ ዝርዝር ተደባልቆ ስለሚታይ እጅ በቀላሉ ይስታል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አብራችሁ እዩ። «ታስክ ማናጀር»ን ክፈቱና «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ግቡ። «ዲስክ 0» ከሚለው ጎን በቅንፍ ሲ ብቻ ነው ያለው ወይስ ሲ እና ዲ? ሁለቱም አንድ ላይ ከተጻፉ ዲ ድራይቭ የምትሉት ሌላ ዲስክ አይደለም። አንዱ ኤስኤስዲ ለሁለት ተከፍሎ ነው። በዚህ ጊዜ ፋይል ከሲ ወደ ዲ ብታዛውሩ ቀዩ መስመር ይጠፋል፤ ኤስኤስዲው ግን አንድ ጊጋም አልቀለለውም። 256ን ለሁለት ከፍሎ ለሲ 80 ጊጋ ብቻ መስጠት የተለመደ ነው። ለሃርድ ዲስክ ዘመን የነበረ ልማድ ነው፣ እዚህ ብዙም አይጠቅም።

ደረጃ 2፦ ቴሌግራምና ዳውንሎድስ

እኛ ሰፈር ዲስክ የሚሞላው ዊንዶውስ ብቻ አይደለም። መጽሐፉም ፊልሙም የትምህርት ቪዲዮውም በቴሌግራም ነው የሚመጣው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም በሁለት ቦታ ያስቀምጣል፣ ሁለቱም በየራሳቸው መጽዳት አለባቸው።

አንደኛው ካሹ ነው። በየቻናሉ ያያችሁት ፎቶና ቪዲዮ እዚያ ይከማቻል። ቴሌግራም ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» ግቡ። «ክሊር ኦል» በሉት። ከዚያው ሳትወጡ የመጠን ገደቡን ዝቅ አድርጉት፤ 1 ወይም 2 ጊጋ ይበቃል። መልእክታችሁ አይጠፋም፣ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ አለ። ግን የድሮ ቪዲዮ እንደገና ስትከፍቱ ከፓኬጃችሁ እንደሚቆረጥ አትርሱ። «አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» ውስጥም ገብታችሁ ለግሩፕና ለቻናል የሚወርደውን ቀንሱ። ያኔ ዲስኩም ፓኬጁም አብረው ይተርፋሉ።

ሁለተኛው ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ነው። ዳውንሎድ ብላችሁ ያወረዳችሁት ሁሉ እዚህ ነው። ካሹን ማጽዳት ይህን አይነካውም። ፎልደሩን ክፈቱና በ«ሳይዝ» ደርድሩት። አንድ ፊልም «(1)»፣ «(2)» እየተባለ ሦስት ጊዜ ወርዶ ታገኙት ይሆናል።

ዋናው ዳውንሎድስም ያው ነው። ተጭኖ ያለቀ የፕሮግራም ኢንስቶለር፣ የዊንዶውስ አይኤስኦ፣ ተፈትቶ የቀረ ዚፕ። እነዚህን ለማጥፋት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ሁለተኛ ዲስክ ካላችሁ፣ ለምሳሌ በሲዲው ቦታ የድሮውን ሃርድ ዲስክ አስገብታችሁ ከሆነ፣ ዳውንሎድስን እስከ ስሙ ወደዚያ አዛውሩት። መጀመሪያ ዲ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ። ቀጥሎ ዳውንሎድስ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሎኬሽን»፣ «ሙቭ»። የፈጠራችሁትን ፎልደር ምረጡ። ዲን ራሱን እንዳትመርጡ። ያኔ ዲ ድራይቭ በሙሉ ዳውንሎድስ ተደርጎ ይወሰድና መልሶ ማስተካከሉ ራስ ምታት ነው። «ቪዲዮስ» እና «ፒክቸርስ»ም በዚሁ መንገድ ይዛወራሉ።

ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ደግሞ የኤዲቲንግ ፕሮግራማችሁን ካሽ እዩ። ፕሪሚየር ላይ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ሚዲያ ካሽ» የሚል አለ። በሥራ ብዛት ከፕሮጀክቱ ራሱ ሊበልጥ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ዊንዶውስ ራሱ ያጽዳ

«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ስቶሬጅ»፣ «ቴምፖራሪ ፋይልስ»። ቆጥሮ እስኪጨርስ ጠብቁት። በየመስመሩ ስንት ጊጋ እንደያዘ ይጽፋል።

ያለ ሐሳብ ምልክት የምታደርጉባቸው እነዚህ ናቸው፦ «ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ»፣ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ፋይልስ»፣ «ቴምፖራሪ ፋይልስ»፣ «ተምብኔይልስ»። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ትልቁ ነው። በአዲስ የተተኩ የድሮ አፕዴት ፋይሎች ናቸው።

ቆም ብላችሁ የምታዩት ሁለት አለ። አንዱ «ዳውንሎድስ» ነው። አዎ፣ የናንተው የዳውንሎድስ ፎልደር ከቴምፖራሪ ፋይሎች ጋር ተሰልፎ ይቀርባል። ምልክቱ ከተደረገበት ፎልደሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሄዳል። ለምን እዚያ እንዳስቀመጡት እኔም አልገባኝም። ሌላው «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽንስ» ነው። ሲ ውስጥ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» ሆኖ የምታዩት ፎልደር ነው። ዊንዶውስ ትልቅ ማሻሻያ ሲያደርግ አሮጌውን ራሱን እዚያ ያስቀምጣል። ማሻሻያው ካልተስማማችሁ በ10 ቀን ውስጥ መመለስ ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። ፕሪንተራችሁም ፕሮግራሞቻችሁም በትክክል እየሠሩ ከሆነ አሁኑኑ ብታጠፉት ችግር የለውም። አንዳንዴ ከ20 ጊጋ በላይ ይለቃል።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ 14 ኦክቶበር 2025) ስላበቃ ብዙ ሰው ወደ 11 እየተሻገረ ነው። ከተሻገራችሁ በኋላ ቦታ ድንገት ካለቀባችሁ መጀመሪያ ይህን ፎልደር ጠርጥሩ።

በመጨረሻ «ስቶሬጅ ሴንስ»ን አብሩት። በየጊዜው ራሱ ያጸዳል። ውስጡ ገብታችሁ ዳውንሎድስን የሚመለከተውን መስመር «ኔቨር» ላይ ማድረጋችሁን ብቻ አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ፕሮግራሞች

«ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ «ኢንስቶልድ አፕስ»። በ«ሳይዝ» ደርድሩ። የማትጫወቱትን ጌም፣ ለአንድ ቀን ሥራ የጫናችሁትን ፕሮግራም «አንኢንስቶል» አድርጉ። ፎልደሩን «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ገብቶ መሰረዝ ማራገፍ አይባልም፣ ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ሴቲንግ የሚመዘግብበት ሬጂስትሪ ውስጥ ትራፊው ይቀራል።

ኮምፒውተር እናጸዳለን፣ እናፈጥናለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ። ከላይ ካደረጋችሁት የሚበልጥ ነገር እምብዛም የላቸውም። ሬጂስትሪ ማጽዳት ደግሞ ቦታ አያስለቅቅም።

ደረጃ 5፦ ሲስተም ፋይሎች

እዚህ የምትደርሱት ቦታ አሁንም ካልበቃችሁ ነው። እያንዳንዱ የራሱ በር አለው፤ በዚያ በር ካልሆነ አትግቡ።

ትልቁ ሃይበርፊል የሚባለው ፋይል ነው። ላፕቶፑ «ሃይበርኔት» ሲያደርግ፣ ማለትም የተከፈተውን ሥራ አስቀምጦ ሲጠፋ፣ ራም (ጊዜያዊው ሚሞሪ) ላይ ያለውን ሁሉ እዚያ ይጽፋል። መጠኑ በተለመደው አሠራር የራሙ 40 በመቶ ነው። ራማችሁ 16 ጊጋ ከሆነ 6 ጊጋ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ለማጥፋት «ኮማንድ ፕሮምት»ን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱ። ትእዛዙን በስልክ እንደሚነገር ልጻፈው፦ ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦፍ። «ፓወር» የሚለውና ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉት ፊደላት ሳይለያዩ ይጻፋሉ። ኢንተር ስትሉ ፋይሉ ይጠፋል። መመለስ ስትፈልጉ በ«ኦፍ» ፋንታ «ኦን» ብላችሁ ድገሙት።

ማጥፋት አለባችሁ ወይ? እንደ ባትሪያችሁ ነው። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ባትሪው የተወሰነ ደቂቃ የሚይዝ ላፕቶፕ ካላችሁ ተዉት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል የከፈታችሁትን ሥራ ሁሉ የሚያድንላችሁ ይኸው ፋይል ነው። ባትሪው ጨርሶ የሞተ ከሆነ ግን ለዚህ አይረዳችሁም፣ ያጥፉት ከሚሉት ወገን ነኝ። «ፋስት ስታርትአፕ»ም አብሮ ስለሚቀር ማሽኑ ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል። በኤስኤስዲ ላይ ይህ አይከብድም።

ቀጥሎ ፔጅፋይል። ራሙ ሲጠብበው ዊንዶውስ የሚጠቀምበት መጠባበቂያ ነው። ራማችሁ 4 ወይም 8 ጊጋ ከሆነ አትንኩት። ብታጠፉት ክሮም ላይ ብዙ ታብ ስትከፍቱ ወይ ስታክ ያደርጋል ወይ ፕሮግራሙ ራሱን ይዘጋል። ወደ ሃርድ ዲስክ ማዛወር ይቻላል። ግን ኤስኤስዲ የገዛችሁት ለፍጥነት ከሆነ ይህን መልሶ ዘገምተኛው ላይ መጫን ትርጉም የለውም። «ሲስተም ማኔጅድ» ላይ እንዳለ ይሁን።

ሪስቶር ፖይንት (ዊንዶውስ ሲበላሽ ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመለስበት ቅጂ) የሚይዘውን ቦታ ግን መቀነስ ይቻላል። ስታርት ላይ «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ ፈልጉ። ሲን መርጣችሁ «ኮንፊገር» በሉ። «ማክስ ዩሴጅ» የሚለውን ወደ 3 ወይም 5 በመቶ አውርዱት። «ዲሊት» የሚለው እስካሁን የተቀመጡትን በሙሉ ያጠፋል። ማሽኑ ደህና እየሠራ ከሆነ አጥፍታችሁ ወዲያው አንድ አዲስ ፍጠሩ።

አሁን በፍጹም በእጅ የማይነኩት። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው ዊንኤስኤክስኤስ መጠኑ ያስደነግጣል። ግን ውስጡ ካለው ብዙው ሌላ ቦታ ያሉት ፋይሎች ሁለተኛ ስም እንጂ ቅጂ አይደለም። ስለዚህ አንዱ ፋይል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። እውነተኛው መጠን ከሚታየው ያነሰ ነው። በትክክለኛው መንገድ የሚጸዳው በደረጃ 3 ባየነው «ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ» ነው። እዚያው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው «ኢንስቶለር» የሚባለው ፎልደርም እንዲሁ ይከበር። ያንን ያጠፋ ሰው በኋላ ኦፊስን ሊያድስ ወይም ሊያራግፍ ሲል እምቢ ይለዋል። «ሪዘርቭድ ስቶሬጅ» ተብሎ 7 ጊጋ ገደማ ተይዞ ብታዩም ተዉት፤ ለአፕዴት የተቀመጠ ነው።

ደረጃ 6፦ ትሪም መሥራቱን አረጋግጡ

የሰረዛችሁትን ዲስኩ ካላወቀ ድካማችሁ ግማሽ ነው። ስታርት ላይ «ዲፍራግመንት ኤንድ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» ፈልጉ። ከሲ ጎን «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» መባሉን እዩ። ቀጥሎ «ኦፕቲማይዝ» ተጫኑ። ስሙ ዲፍራግመንት ቢልም ዊንዶውስ ኤስኤስዲ መሆኑን ካወቀ የሚልከው ትሪም ነው። በሰከንዶች ያልቃል። በየሳምንቱ በራሱ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ማን እንዳጠፋው ሳይታወቅ «ኦፍ» ሆኖ ከተገኘ አብሩት።

በሌላ ፕሮግራም ኤስኤስዲን ዲፍራግ ማድረግ፣ ማለትም የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን መሰብሰብ፣ ግን አያስፈልግም። ፋይሎቹ ተበታትነው ቢቀመጡም ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ የሚያመጣው ጥቅም የለም፣ ዝም ብሎ መጻፍ ይበዛበታል።

መጻፍ ከተነሳ፣ ብዙ ሰው «ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» ብሎ ይፈራል። ቁጥሩን እንየው። ሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 500 ጊጋው ለ5 ዓመት ወይም 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ፣ ከሁለቱ እስከሚቀድመው፣ ዋስትና አለው። በየቀኑ 20 ጊጋ ብትጽፉበት 300 ቴራው ላይ ለመድረስ ከ40 ዓመት በላይ ይፈጃል። ላፕቶፑ ራሱ ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ዕድሜ ለመቆጠብ ብሎ ካሽ ማጥፋት፣ ፔጅፋይል ማጥፋት አያዋጣም። ዩዝድ ላፕቶፕ የገዛችሁ ግን ክሪስታልዲስክኢንፎን አውርዳችሁ የዲስኩን ጤና በመቶኛ እዩ። «ጉድ» ካለ ቀጥሉ። «ኮሽን» ወይም «ባድ» ካለ ቦታ ማስለቀቁን ተዉና ፋይላችሁን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ባዶው ቦታ አሁንም 10 ጊጋ ካልደረሰ፣ ዲስኩ ለሥራችሁ አንሷል። ትልቅ ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ይዛችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቦታው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ነው ወይስ ኤምዶትቱ (በቀጭን ካርድ መልክ የሚሰካው)? ኤምዶትቱ ከሆነ ሳታ ነው የሚቀበለው ወይስ ኤንቪኤምኢ? ሁለቱ የመገናኛ ዓይነቶች ሲሆኑ ዲስኮቹ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ላይሠራ ይችላል። ወይስ ኢኤምኤምሲ ሆኖ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል? እንዲህ ከሆነ አይቀየርም፤ ለፊልሙና ለፎቶው ኤክስተርናል መግዛት ነው ያለው። የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ባለሙያው ዊንዶውሱን እንዳለ ክሎን እንዲያደርግላችሁ፣ ማለትም ከነፋይሉ ወደ አዲሱ እንዲገለብጠው፣ ንገሩት። አሮጌውን ዲስክም አዲሱ በደንብ መነሳቱን እስክታዩ ድረስ እንዳያጠፋው አስጠንቅቁት።